ወጥ ቤት የሌላቸው ሰዎች ማዕድ፦ ስለ ቀድሞዋ ቦምቤይ ምግብ ቤቶች የተደረገ ምልልስ

ተማሪዋ፦ በሕንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ስለምትገኘው፣ ከ1995 ወዲህም ሙምባይ በሚለው ስም ስለምትጠራው ስለ ቦምቤይ የተጻፉ ትዝታዎች፣ ጸሐፊዎቻቸው በሃይማኖትም በኑሮ ደረጃም የተለያዩ ቢሆኑም፣ ብዙ ጊዜ የሚገናኙት ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። እብነ በረድ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ጀርባው የተቆለመመ የእንጨት ወንበር፣ ቅቤ የተቀባ ለስላሳ ዳቦ ከወፍራም የወተት ሻይ ጋር፣ በባሕር ዳርቻም በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ ጎምዛዛና የሚያቃጥል መክሰስ ከአንዱ ትዝታ ወደ ሌላው ይሸጋገራሉ። መምህር፣ ወደብም፣ ታላላቅ ሕንፃዎችም፣ የሲኒማ ኢንዱስትሪም ያላት ከተማ ከሁሉ ይልቅ በምግብ ቤቶቿና በመንገድ ዳር ምጣዶቿ የምትታወሰው ስለ ምንድን ነው?

መምህሩ፦ መልሱ ከጣዕሙ አስቀድሞ በሰዎቹ መኖሪያ ውስጥ ሊፈለግ ይገባል። ካዋስጂ ዳቫር የተባለው የፓርሲ ወገን ነጋዴ በ1854 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የከተማዋን የመጀመሪያ የጥጥ መፍተያና መሸመኛ ኩባንያ ካቋቋመ በኋላ ፋብሪካው ፋብሪካን እየወለደ ሄዶ፣ ፓሬል፣ ላልባግና ዎርሊ የተባሉትን ሰፈሮች የያዘው አካባቢ በማራቲ ቋንቋ ጊራንጋኦን፣ ማለትም የፋብሪካ መንደር፣ የሚል ስም አገኘ። ለእነዚህ ፋብሪካዎች ጉልበታቸውን የሸጡት አብዛኞቹ ከኮንካን ጠረፍና ከደካን ከፍተኛ ምድር ሚስትና ልጆቻቸውን በእርሻቸው ላይ ትተው የመጡ ወንዶች ሲሆኑ፣ የሚያድሩትም ቾል በሚባሉት፣ በረጅም በረንዳ ዙሪያ አንዳንድ ክፍል በተደረደረባቸው ባለ ፎቅ ቤቶች ነበር። በአንዱ ክፍል ብዙ ወንዶች በፈረቃ ይተኙበት ስለነበረ፣ የሌሊቱ ፈረቃ ሠራተኛ ገብቶ ሲጋደም የቀኑ ፈረቃ ሠራተኛ ይወጣል፤ ምድጃ የሚጎልትበት ቦታም ሆነ ምድጃውን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ቦምቤይ ውጭ መብላትን የለመደችው ከድሎት የተነሣ አይደለም፤ የከተማዋን ሥራ ከሚሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ወጥ ቤት ስላልነበራቸው ነው።

ተማሪዋ፦ እንዲህ ከሆነ የከተማዋ የመጀመሪያዎቹ ምግብ ቤቶች ሊባሉ የሚገባቸው ትዝታ ጸሐፊዎች የሚያወሷቸው ካፌዎች ሳይሆኑ ካናቫል የተባሉት ቤቶች መሆናቸው ነው።

መምህሩ፦ ይህ በደንብ ሊጤን የሚገባው ነጥብ ነው። ካናቫል ማለት በቾሉ ውስጥ የምትኖር አንዲት ሴት፣ ብዙ ጊዜም ባሏ የሞተባት ወይም የባሏ ደመወዝ የማይበቃት፣ በአንዲት ክፍሏ ውስጥ ለተወሰኑ ወንዶች በወር ኮንትራት የምታበስልበት ቤት ነው። የሚቀርበው ባክሪ የተባለው የማሽላ ወይም የዳጉሳ ቂጣ፣ የምስር ወይም የሌላ ጥራጥሬ ወጥ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ የኮንካን ሰዎች የሚወዱት ዓሣ ነበር፤ ሒሳቡም የሚዘጋው ደመወዝ ሲወጣ ስለነበረ ሴትዮዋ ወሩን ሙሉ እህሉንና ማገዶውን በዱቤ ወይም ከአራጣ አበዳሪ በወሰደችው ገንዘብ ታሟላለች። አድማ በተመታ ጊዜ ሠራተኛው ደመወዝ ባያገኝም መብላቱን ስላላቋረጠ፣ የአድማው ዕዳ ተቆልሎ የሚያርፈው በእርሷ ጫንቃ ላይ ነበር። ፕሬማ ፑራኦ የተባለችው የሠራተኛ ማኅበር ታጋይ በ1975 አናፑርና ማሂላ ማንዳል የተሰኘውን የሴቶች ማኅበር የመሠረተችው እነዚህ ሴቶች ከአራጣ ወጥተው የባንክ ብድር እንዲያገኙ ለማድረግ ሲሆን፣ ያ እስኪሆን ድረስ የፋብሪካዎቹን መንደር ይመግቡ የነበሩት እጆች በየትኛውም መዝገብ ላይ እንደ ሠራተኛ አልተቆጠሩም። ካናቫል ደጃፉ ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ ስላልነበረው ፎቶግራፍ አልተነሣም፤ ፎቶግራፍ ያልተነሣ ቤት ደግሞ ከትዝታ መጻሕፍት ለመውጣት የመጀመሪያው ይሆናል።

ተማሪዋ፦ ነገር ግን ትዝታ ጸሐፊዎቹ የኢራኒ ካፌዎችን ማስቀደማቸው በከንቱ አይመስልም። በከተማዋ ማዕከል በሜትሮ ሲኒማ አጠገብ የሚገኘው ካያኒ በ1904፣ በግራንት ሮድ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የነበረው መርዋን በ1914፣ በባላርድ እስቴት የሚገኘው ብሪታኒያ በ1923 ሲከፈቱ፣ የትኛውም መንገደኛ በጥቂት ሳንቲም ተቀምጦ ሊያርፍባቸው የሚችል ስፍራዎች ሆነዋል፤ ይህም ለብዙ ሰው ከምግቡ የበለጠ ዋጋ ነበረው።

መምህሩ፦ በካናቫልና በካፌ መካከል ያለው ልዩነትም እዚህ ላይ ይታያል፤ ካናቫል የሚያውቀውን ሰው ይመግባል፣ የኢራኒ ካፌ ግን የማያውቀውን ሰው ይቀበላል። የካፌዎቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ የዞራስተር እምነት ተከታዮች ናቸው፤ ይህ እምነት ከእስልምና በፊት የፋርስ ሃይማኖት የነበረና እሳትን የንጽሕና ምልክት አድርጎ የሚያከብር ነው። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ወደ ጉጃራት የተሰደዱት የዚህ እምነት ሰዎች ፓርሲ ሲባሉ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በሀያኛው መጀመሪያ ከያዝድና ከኬርማን ከተሞች አካባቢ ችግርንና መድልዎን ሸሽተው የመጡት ደግሞ ኢራኒ ተብለዋል። ሂንዱው ነጋዴ የመንገድ ማዕዘን ላይ ያለ ሱቅ ገደ ቢስ ነው ብሎ ይሸሸው ስለነበር ኢራኒዎቹ ማዕዘኖቹን በርካሽ እንደ ያዙ ሲወርድ ሲዋረድ ይነገራል፤ እውነትም ቢሆን የቆየ ወግ፣ ካፌዎቹ ከሁለት ወገን በር ያላቸው፣ ብርሃንና ነፋስ እንደ ልብ የሚገባባቸው፣ መንገደኛው ሳያስበው የሚዘልቅባቸው ቤቶች ሆኑ። በውስጣቸውም ዳቦ፣ እንቁላል፣ ሳሙናና ክብሪት ጭምር ይሸጥ ስለነበር ለሰፈሩ ሱቅም ነበሩ፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ትልልቅ መስተዋቶች ክፍሉን ከማስፋታቸውም በላይ ከባንኮኒው ጀርባ የተቀመጠው ባለቤት ማን እንደገባና ማን ሳይከፍል እንደወጣ እንዲያይ ይረዱት ነበር።

ተማሪዋ፦ የሚበላው ነገርም በዝርዝር ቢጠቀስ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ናፍቆቱ የሚያርፈው በዝርዝሩ ላይ ነው። ቡን ማስካ የሚባለው በመጠኑ የሚጣፍጥ ክብ ዳቦ መሐሉ ተሰንጥቆ ቅቤ በብዛት የሚቀባበት ሲሆን፣ ብሩን የሚባለው ቅርፊቱ ደርቆ የሚንኮሻኮሽ፣ ሻይ ውስጥ ካልተነከረ በቀር ድድ የሚያቆስል ዳቦ ነው። አኩሪ የተባለው በሽንኩርት፣ በቃሪያና በድንብላል ቅጠል የሚሠራ የእንቁላል ፍርፍር፣ ኪማ የተባለው በቅመም የሚበስል የተፈጨ ሥጋ፣ ማዋ ኬክ የተባለውም ውሃው ተንኖ እስኪረጋ ድረስ ከተቀቀለ ወተትና ከሄል የሚጋገር ትንሽ ኬክ ነው። በብሪታኒያ ደግሞ ዋናው ምግብ ቤሪ ፑላው ሲሆን፣ ባለቤቱ ቦማን ኮሂኑር በ2019 በ97 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተዘዋወሩ እንግዶቻቸውን በራሳቸው አንደበት ያስተናግዱ እንደነበር በከተማዋ የታወቀ ነው። የቤሪ ፑላው ሩዝ ዘሬሽክ የተባለውን ከኢራን የሚመጣ ጎምዛዛ ቀይ ፍሬ ይዞ፣ በሕንድ ቅመም የሚበስል ሥጋ ወይም ዶሮ ይጨመርበታል። የሁለት አገር ሰው መሆን ምን እንደሚመስል ከብዙ ትንተና ይልቅ ይህ አንድ ሳህን ያስረዳል።

መምህሩ፦ የሳህኑ ምስክርነት እውነት ነው፤ ነገር ግን ካፌዎቹን ያቆማቸው ምሰሶ በሳህን ላይ አይታይም። በ1947 የወጣው የቦምቤይ የኪራይ መቆጣጠሪያ ሕግ የቤት ኪራይን በ1940 በነበረበት መጠን ላይ አግዶ ስላቆመው፣ የካፌው ባለቤት ለዓመታት የሚከፍለው ኪራይ ከገበያው ዋጋ ጋር የማይነጻጸር ሆነ። አንድ ሰው አንድ ብርጭቆ ሻይ አዝዞ ጋዜጣውን ከዳር እስከ ዳር ሲያነብ፣ ሥራ ፈላጊው ማመልከቻውን ሲጽፍ፣ ተማሪው ለፈተናው ሲዘጋጅ ማንም ተነሣ ሳይለው የቆየው በባለቤቱ ደግነት ብቻ አይደለም፤ የወንበሩ ኪራይ ርካሽ ስለነበረም ነው። ያው ሕግ ሌላም ፊት እንዳለው ሊዘነጋ አይገባም፤ ባለንብረቱ ከኪራዩ የሚያገኘው ጥቅም ስለሌለ ቤቱን ማደስ ተወ፤ ብዙ ሕንፃዎችም አርጅተው ፈረሱ። በመቶዎች ይቆጠሩ ከነበሩት የኢራኒ ካፌዎች ዛሬ የቀሩት ጥቂት አሥሮች ብቻ መሆናቸው የመሬቱ ዋጋ ሰማይ ከመንካቱና የባለቤቶቹ ልጆች ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው ወይም ወደ ውጭ አገር ሄደው ሥራውን ከመተዋቸው ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህን የልጆቹን ምርጫ ደግሞ ማንም ሊወቅሰው አይችልም።

ተማሪዋ፦ ስለ ካፌዎቹ ከሚነገሩት ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የሚደጋገመው ግን ሂንዱው፣ ሙስሊሙ፣ ፓርሲውና ክርስቲያኑ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው ነው። ይህ ታሪካዊ ሐቅ ነው ወይስ ናፍቆት የሠራው ሥዕል?

መምህሩ፦ ሐቅ ነው፤ የሐቁ ክብደት የሚታወቀው ግን በዙሪያው የነበረውን ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው ነው። በካስት ሥርዓት፣ ይኸውም ሰውን በትውልድ ደረጃ በሚለየው ሥርዓት ውስጥ፣ ከማን ጋር እንደሚበላና ከማን እጅ ውሃ እንደሚቀበል በጥብቅ የተወሰነ ነበር። በጥጥ ፋብሪካዎቹ ውስጥ እንኳ፣ ያለቀው ማግ በአዲስ ሲተካ ክሩን በአፍ እየመጠጡ በመወርወሪያው ቀዳዳ ማሳለፍ ያስፈልግ ስለነበር፣ የሌሎች ካስቶች ሠራተኞች ዳሊቶች፣ ማለትም የማይነኩ ተብለው የተገለሉት ሰዎች፣ የነኩትን መወርወሪያ በአፋችን አንነካም በማለታቸው ዳሊቶች የተሻለ ከሚከፈልበት የሽመና ክፍል ተከልክለው ኖረዋል። የሰው ምራቅ በመወርወሪያ ላይ ይህን ያህል ካስፈራ፣ ማን ጠጥቶበት እንደነበር በማይታወቅ የካፌ ብርጭቆ ሻይ መጠጣት ምን ያህል ድፍረት እንደነበረ መገመት አያዳግትም። ባለቤቶቹ ከካስት ሥርዓት ውጭ የሆኑ ባዕዳን መሆናቸው መንገዱን ከፈተ፤ ሆኖም መንገዱ ለሁሉም በእኩል ቀን አልተከፈተም፤ ለአንዳንዱ ደንበኛ የተለየ ኩባያ ያስቀምጡ የነበሩ ቤቶችም እንደነበሩ ሊታወስ ይገባል።

ተማሪዋ፦ ከዚህ አንጻር ሲታይ የዳባዋላዎቹ ሥራ የዚያው ፍርሃት ሌላ ገጽ ይመስላል። ዳባዋላ ማለት ድርብርብ ምሳ ዕቃን ከሠራተኛው መኖሪያ ቤት ተቀብሎ በባቡርና በብስክሌት ወደ ቢሮው የሚያደርስ፣ ባዶውንም ከሰዓት በኋላ የሚመልስ ሰው ነው፤ አገልግሎቱን በ1890 የጀመረው ማሃዴኦ ሃቫጂ ባቼ ሲሆን፣ በሚገባ በተደራጀበት ዘመን ወደ 5,000 የሚጠጉ ሰዎች በቀን እስከ 200,000 ምሳ ዕቃ ያደርሱ እንደነበር ይነገራል።

መምህሩ፦ ልዩነቱ ሊጠበቅ ይገባል፤ ዳባዋላ የሚያገለግለው ወጥ ቤት ያለውን ሰው ነው። ጸሐፊው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የመንግሥት ሹሙ ከቤቱ ርቆ ቢውልም በሚስቱ ወይም በእናቱ እጅ የበሰለውን፣ የካስቱንና የሃይማኖቱን ሕግ የጠበቀውን ምግብ ይበላል። ተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ ከፑኔ ከተማ አካባቢ ገጠሮች የመጡ ሲሆኑ፣ በክዳኑ ላይ በቀለም በሚጻፉ ፊደላትና ቁጥሮች እየተመሩ ከሰው ወደ ሰው ሲቀባበሉ ምሳ ዕቃዎቹን እምብዛም አያሳስቱም፤ ለዚህ ቅልጥፍና ዓለም ቢያደንቃቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን የከተማዋን የራሷን ምግብ የፈጠረው ምሳ ዕቃ የሚላክለት ሰው ሳይሆን የማይላክለት ሰው ነው።

ተማሪዋ፦ ይህ አባባል ወደ ዳቦው ይመራል፤ ምክንያቱም የቦምቤይ የመንገድ ምግቦች አብዛኞቹ ያለ ዳቦ አይቆሙም፣ በቀረው የማሃራሽትራ ግዛት ግን የጥንቱ ማዕድ ቂጣና ሩዝ እንጂ የቦካ የስንዴ ዳቦ አልነበረም።

መምህሩ፦ ፓቭ የሚባለው ትንሽ አራት ማዕዘን ዳቦ የፖርቱጋሎች ውርስ ነው። ቦምቤይ የቆመችባቸውን ደሴቶች የጉጃራት ሱልጣን በ1534 ለፖርቱጋል አሳልፎ ሰጠ፤ በ1661 ደግሞ የፖርቱጋሏ ልዕልት ካተሪን ለእንግሊዙ ንጉሥ ለቻርልስ ዳግማዊ እንድትዳር ውል ሲፈረም ቦምቤይ ከጥሎሹ ጋር ተቆጠረች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በዓመት በ10 ፓውንድ ተከራያት። ዳቦ ጋገራውን በከተማዋ ያስፋፉት ግን ከፖርቱጋል ግዛት ከጎዋ የመጡ ክርስቲያን ጋጋሪዎች ሲሆኑ፣ ኋላ ኢራኒዎችና ሙስሊሞች ተከተሏቸው። ድንቹም፣ ቃሪያውም፣ ቲማቲሙም ከአሜሪካ ምድር በዚያው በባሕር መንገድ የመጡ ናቸው። ዳቦው የቦምቤይን ሠራተኛ የማረከው ሳህንም፣ ማንኪያም፣ መቀመጫም ሳይጠይቅ በእጅ ተይዞ እየሄዱ የሚበላ በመሆኑ ነው።

ተማሪዋ፦ ከዳቦው ጋር ከሚበሉት ሁሉ ቫዳ ፓቭ የከተማዋ ምልክት ተብሎ ይታወቃል። ድንቹ ተቀቅሎ ከተፈጨ በኋላ በእርድ፣ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ይቀመማል፤ የሰናፍጭ ፍሬ በዘይት ተንጣጥቶ ይጨመርበታል፤ ከዚያም ተድቦልቡሎ በሽምብራ ዱቄት ሊጥ ተነክሮ ይጠበስና፣ በደረቅ የነጭ ሽንኩርት፣ የበርበሬና የኮኮናት ድቁስ በተነሰነሰበት ዳቦ መሐል ይገባል። አጠገቡም በጨው የታሸ ጥብስ ቃሪያ ይቀመጣል።

መምህሩ፦ የዚህ ምግብ ታሪክ የከተማዋ የሀያኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ብዙዎች ፈጣሪው ነው የሚሉት አሾክ ቫይድያ በ1966 በዳዳር ባቡር ጣቢያ ደጃፍ መሸጥ ሲጀምር፣ ደንበኞቹ ከባቡር ወርደው ወደ ፋብሪካ የሚሮጡ፣ ለመቀመጥ ጊዜ የሌላቸው ሠራተኞች ነበሩ። በጥር 1982 ደግሞ ሐኪም ሆነው የሠራተኛ መሪ በሆኑት በዳታ ሳማንት እየተመሩ ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጉ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች አድማ መቱ። አድማው ከዓመት በላይ ቆየ፤ ሠራተኞቹ የጠየቁትን አላገኙም፤ ከፋብሪካዎቹም ብዙዎቹ እንደ ቀድሞው ወደ ሥራ ሳይመለሱ ቀሩ። ሥራውን ያጣው ሸማኔ ወደ ገጠሩ ካልተመለሰ በቀር የቀረው አማራጭ በጥቂት ገንዘብ የሚጀመር ንግድ ነበር፤ አንድ ብረት ምጣድ፣ አንድ የጋዝ ምድጃ፣ አንድ ጆንያ ድንች ደግሞ ለቫዳ ፓቭ ይበቃሉ። ስለዚህ ቀድሞ ይህን ምግብ በፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ይገዛ የነበረው ሰው ከአድማው በኋላ ቆሞ የሚሸጠው ሆነ። ዛሬ ቫዳ ፓቭን የደስታ ምግብ አድርገው የሚያስታውሱት ሰዎች በየማዕዘኑ ሊያገኙት የቻሉት በከፊል ሩብ ሚሊዮን ሰው ስለተሸነፈ ነው። ይህን ሳያውቁ መናፈቅ ኃጢአት ባይሆንም፣ ዐውቆ መጻፍ ግን የጸሐፊ ግዴታ ነው።

ተማሪዋ፦ ፖለቲካም በምጣዱ ዙሪያ እጁን ማስገባቱ ይታወቃል፤ በዚያው በ1966 የተመሠረተው ሺቭ ሴና የተባለው የማራቲዎች ፓርቲ ቫዳ ፓቭን የማራቲ ልጅ ምግብ ብሎ ሻጮቹን ሲደግፍ፣ የኡዱፒ ምግብ ቤቶችን ግን የመጤዎች ንብረት ናቸው ብሎ በጠላትነት ይመለከታቸው ነበር።

መምህሩ፦ ኡዱፒ በካርናታካ ግዛት የምትገኝ፣ የክሪሽና ቤተ መቅደሷ ምእመናንን በነጻ በመመገብ የታወቀ ከተማ ናት። ከዚያ አካባቢ የመጡ አብሳዮች በማቱንጋ ሰፈር የከፈቷቸው ቤቶች፣ ለምሳሌ በ1942 የተጀመረው የራማ ናያክ ቤት፣ ሥጋ የሌለበትን ምሳ በሙዝ ቅጠል ላይ ያቀርባሉ፤ ከሩዝና ከጥራጥሬ ተፈጭቶ እንደ እንጀራ ሊጥ አድሮ የቦካውን ዶሳም በሰፊ ምጣድ ላይ ያሰፉታል። ንጽሕናቸውና ርካሽነታቸው ከሥጋ የሚታቀበውን ጸሐፊና አስተማሪ ስለሳበ በየባቡር ጣቢያው ተስፋፉ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻም የደቡብ ሕንድ ሰዎች የቢሮ ሥራችንን ነጠቁን በሚል ቁጣ ጥቃት ደረሰባቸው። ቤቶቹ ግን አልጠፉም፤ የማራቲው ሠራተኛም በዶሳቸው ቁርሱን መብላቱን አልተወም። መፈክር የለያየውን ሆድ ያገናኘዋል ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ይሆናል፤ ምክንያቱም በተሰበረው መስታወት ፋንታ አዲስ የገዛው ባለቤቱ እንጂ መፈክሩን ያሰማው ሰው አልነበረም።

ተማሪዋ፦ እስካሁን የተባለው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ አንድ ጉድለት አለበት። በመምህሩ ትንታኔ ውስጥ ሠራተኛው የሚበላው ስለሚርበው ብቻ ነው፤ ደስታው አልተቆጠረለትም። በጊርጋኦን ቾውፓቲ የባሕር ዳርቻ የሚሸጠው ቤል ፑሪ ማንንም አያጠግብም፤ በሙቀት የፈካ ሩዝ፣ ከሽምብራ ዱቄት እንደ ክር ቀጥኖ የተጠበሰ ሴቭ፣ የተከተፈ ሽንኩርትና ድንች፣ ጥሬ ማንጎ፣ በአንድ በኩል የሮቃና የተምር ጣፋጭ ስጎ፣ በሌላ በኩል የናናና የቃሪያ የሚያቃጥል ስጎ በአንድ ዕቃ ውስጥ በፍጥነት ተማስሎ፣ ሩዙ ሳይረጥብ በፊት ወዲያው ይበላል። ሻጩ ደንበኛውን አንድ ጊዜ ዐይቶ ስጎውን ይመጥናል፤ ጎምዛዛ የሚወደውን፣ ቃሪያ የሚፈራውን ለይቶ ያውቃል። አንዲት ክፍል ውስጥ ከዘጠኝ ሰው ጋር የሚኖር ወንድ ወይም ከአማቶቿ ጋር ተጣብባ የምትኖር ሴት በእሑድ ማታ ወደዚያ የሚሄዱት የባሕር ነፋስና ምርጫ ፍለጋ ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ ምን ያህል እንዲቃጠል፣ ምን ያህል እንዲጣፍጥ የሚጠየቁት በዚያች ሰዓት ብቻ ሊሆን ይችላል።

መምህሩ፦ ጉድለቱ እውነተኛ ነው፤ መታረምም አለበት። የሠራተኛውን ምግብ ከረሃቡ ብቻ የሚያስረዳ ታሪክ፣ ሠራተኛውን እንደ ማሽን ነዳጅ የሚሞላው አድርጎ ከቆጠረው የፋብሪካ ባለቤት ዐይን ብዙም አይርቅም። ፓቭ ባጂም ቢሆን፣ ይኸውም የተለያየ አትክልት በሰፊ ምጣድ ላይ ከቲማቲምና ከቅመም ጋር እየተደቆሰ ከቅቤ ጋር የሚበስለው ወጥ፣ ከሌሊት ፈረቃ ለሚወጡ ሠራተኞች የተፈጠረ ነው ቢባልም፣ እስከ ዛሬ የቆየው በዚያ ሁሉ ቅቤ ምክንያት መሆኑ ግልጽ ነው።

ተማሪዋ፦ በረመዳን ሌሊቶች በመሐመድ አሊ መንገድ፣ በሚናራ መስጊድ ዙሪያ የሚታየውም ይኸው ነው። በሸክላ ገበቴ የሚቀርበው ፊርኒ የተባለ የሩዝና የወተት ጣፋጭ፣ በዘይት የሚጠበሰው ማልፑዋ፣ በከሰል ላይ የሚዞረው የተፈጨ ሥጋ ከባብ የሚበሉት ጾሙን በፈቱ ሙስሊሞች ብቻ አይደለም፤ ከሌላው ሰፈር የሚመጡ ሂንዱዎችና ክርስቲያኖችም መንገዱን ይሞሉታል። በዚያ ስስ ሊጥ ተጠቅልሎ በሥጋ ተሞልቶ የሚጠበሰውን ሳሞሳ ኢትዮጵያዊ ቢቀምሰው የአገሩ ሳምቡሳ የቅርብ ዘመድ መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ ሁለቱም ከፋርስ ምድር ተነሥተው በንግድ መንገዶች የተጓዙ ናቸው።

መምህሩ፦ ታዲያ ደስታው ከተመሰከረ በኋላም ጥያቄው ይቀራል፤ ናፍቆቱን ዛሬ ማን ይወርሰዋል? በሎወር ፓሬል የነበረው የፊኒክስ ፋብሪካ ግቢ ዛሬ ትልቅ የገበያ ማዕከል ሲሆን፣ ቀድሞ የፈረቃ ደወል ይደወልበት በነበረው ስፍራ አካባቢ የመንገድ ምግብ ከነስሙ፣ ሸክላና ብረት በሚያብረቀርቅበት ምግብ ቤት ውስጥ በብዙ እጥፍ ዋጋ ይሸጣል። በለንደንም ከ2010 ጀምሮ ዲሹም የተባለው ምግብ ቤት የኢራኒ ካፌን መልክ፣ ወንበሩንና መስተዋቱን ሳይቀር፣ ተከትሎ ተስፋፍቷል። ምግባቸው መልካም ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቶቹም ያን ዓለም ወድደውት እንጂ ንቀውት አይደለም የሠሩት። ሆኖም በአንድ ብርጭቆ ሻይ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ በእነዚህ ቤቶች አይቻልም፤ ካፌውን ካፌ ያደረገው ደግሞ ወንበሩ ሳይሆን በወንበሩ ላይ የመቆየት መብት ነበር።

ተማሪዋ፦ ይህ ከሆነ የትዝታ ጽሑፍ ዋጋ የሚገኘው ባልተጠበቀ ቦታ፣ በሕግ ውስጥ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ሕንድ በ2014 ያወጣችው የመንገድ ላይ ነጋዴዎች ሕግ በየከተማው የነጋዴዎች ኮሚቴ እንዲቋቋም፣ ከአባላቱም ቢያንስ 40 በመቶው በነጋዴዎቹ የተመረጡ፣ ከእነዚህም አንድ ሦስተኛው ሴቶች እንዲሆኑ ያዝዛል። ከዚህም በላይ ነጋዴዎች ከ50 ዓመት በላይ የሠሩበት ገበያ የቅርስ ገበያ ተብሎ እንዲታወጅና ነጋዴዎቹ ከዚያ እንዳይነሡ ይደነግጋል። ሻጩ ደረሰኝ አልሰጠም፤ ኪራይ አልከፈለም፤ የንግድ ፈቃዱም ብዙ ጊዜ ቅጣትና ጉቦ እንጂ ወረቀት አልነበረም። ታዲያ በ1960ዎቹ በዚህ ማዕዘን ላይ ማን ምን ይሸጥ እንደነበር ሊመሰክር የሚችለው ከበሉት ሰዎች ትዝታ በቀር ምን አለ?

መምህሩ፦ ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን እስካሁን ከተጻፉት ትዝታዎች ብዙዎቹ ለዚህ ምስክርነት አይበቁም። የሻዩን ሙቀትና የዳቦውን ሽታ በሁለት ገጽ የሚገልጽ ጸሐፊ የሻጩን የትውልድ አገር፣ ጋሪው የቆመበትን የመንገድ ስም፣ የሚሸጥበትን ሰዓትና ዋጋውን አይጽፍም። ካናቫሎቹማ ከነጭራሹ የሉም።

ተማሪዋ፦ እንግዲያው መጀመር ያለበት ከእነርሱ ነው። ያበሰሉት ሴቶች ብዙዎቹ ቢያርፉም፣ በኮንትራት የበሉት ወንዶችና በዚያ ክፍል ጥግ ተኝተው ያደጉት ልጆች ዛሬም በላልባግና በፓሬል ይገኛሉ፤ በየትኛው ቾል በስንተኛው ፎቅ ይበስል እንደነበር፣ ስንት ሰው ይበላ እንደነበር፣ በ1982 አድማ ወቅት ለስንት ወር በዱቤ እንደተበላና ያ ዕዳ በመጨረሻ ተከፍሎ እንደሆነ መናገር የሚችሉት እነርሱ ናቸው።